የአባቴ ጀርባ

አባቴ በምን እንደ ሞቱ የሚጠይቀኝ ሰው ሲገጥመኝ ብዙ ጊዜ «ወድቀው እግራቸው ተሰብሮ ነው» ብዬ አልፈዋለሁ። ሰሚውም «አይ እርጅና» ብሎ ይተወዋል። እውነቱ ግን እንደዚያ አይደለም። የአባቴ እግር ድኖ ነበር። ዛሬ የምነግራችሁ ስላልዳነው ነው።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው፤ ጎረምሳ ከገበያ መሀል እየታፈሰ ለብሔራዊ ውትድርና የሚሄድበት ወቅት። እኔ አስካለ እባላለሁ። ንፋስ መውጫ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርኩ፤ ገና ያላገባሁ፣ በአንዲት የኪራይ ክፍል የምኖር። አባቴ መሪጌታ ይባቤ ከከተማው ቁልቁል የግማሽ ቀን መንገድ በሚያስኬድ መንደር ይኖራሉ። በወጣትነታቸው የድጓ ዜማ ማስመስከሪያ በሆነችው ቤተ ልሔም ለብዙ ዓመት ተቀምጠው ድጓ ያስመሰከሩ፣ ቅስናም ተቀብለው ከዚያ ወዲህ ዕድሜያቸውን ሙሉ የመንደራችንን ቤተ ክርስቲያን ማኅሌት የመሩ ሰው ናቸው። እናታችን ቀደም ብላ አርፋለች። ታናሽ ወንድሜ ጌትነት ባገባ በዓመቱ ለውትድርና ተወስዶ ኤርትራ ነበር። ቤት ውስጥ የቀሩት አባቴና የጌትነት ሚስት የሺመቤት ብቻ ናቸው። የሺ ልጅነቷን ያልጨረሰች፣ አባቴን እንደ ወለዷት አባት የምታይ ልጅ ነበረች።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጀምር አባቴ ከቅዳሴ ሲመለሱ የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ አዳልጧቸው ወደቁ። ጭናቸው ተሰበረ። የአገሩ ወጌሻ አያ ደርሶ መጥተው አጥንቱን አገጣጠሙ፣ በቀርከሃ ጠፍረው አሰሩ። «መሪጌታ፣ አጥንቱ እስኪይዝ ንቅንቅ እንዳይሉ። በጀርባዎ ተንጋለው ይተኙ» ብለው አዘዙ። የሺንም አስጠነቀቁ። ወሬው ደርሶኝ ሄጄ አየኋቸው፤ ትምህርት ስላልተዘጋ በማግሥቱ ተመለስኩ። አያ ደርሶ የተሰበረ ሲጠግኑ የማይሳሳቱ ሰው ስለነበሩ ልቤ አርፎ ነበር።

ሐምሌ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ስኳርና ብርድ ልብስ ይዤ ወረድኩ። ቤቱ እንደ ዓውደ ዓመት ይሸታል። የሺ መደቡ ዙሪያ አሪቲ ጎዝጉዛለች፣ ወለሉ ላይ ጠጅ ሳር በትናለች። አባቴ ከቁርበቱ ላይ በጀርባቸው ተኝተው፣ ዳዊታቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሳቅ አሉ።

«እግርዎ እንዴት ነው፣ አባ?»

«እግሬማ ከእኔ ቀድሞ ሊነሣ ነው።»

አያ ደርሶም መጥተው ጭናቸውን በጣታቸው እየዳሰሱ «ይዟል፣ ይዟል» አሉ። ደስ አለን። ሁላችንም ስለ እግራቸው ነበር የምንጠይቀው፤ ስለ እግራቸው ነበር የምናወራው። ጎረቤት ሲገባ «እግርዎን ማረዎ?» ሲወጣም «እግርዎን ይማርዎ» ነው። የሺ ጨርቃቸውን ልትለውጥ ስትል አባቴ «አስካለ፣ እስቲ ከብቶቹን እዪአቸው» ብለው ያስወጡኛል። ሴት ልጅ ነኝና ሐፍረታቸው ነው ብዬ እወጣለሁ።

አሪቲው ሥር ሌላ ሽታ ነበረ። የታመመ ሰው ያለበት ቤት ነው ብዬ ተውኩት።

ከጥቂት ቀን በኋላ አባቴ እህል እምቢ አሉ። ገላቸው ይግል፣ ይንቀጠቀጡ ጀመር። ያስደነገጠኝ ግን ትኩሳቱ አልነበረም። በጠዋት እንደ ልማዳቸው ማኅሌት ሲያንጎራጉሩ ዜማው ተዘበራረቀባቸው፤ በግዕዝ ዜማ ጀምረው ዕዝል ወደሚባለው ሌላ የዜማ ስልት ገቡ፣ መልሰው ሊያቀኑት ሞከሩ፣ ጠፋቸው። እኚህ አባቴ ናቸው? ሲተኙ እንኳ ዜማ የማይስቱ ሰው። የሺን ቀና ብዬ ሳያት ፊቷን አዞረችብኝ።

ያን ቀን ረፋዱ ላይ የሺ ዘንቢል ተሸክማ «እትዬ፣ ወንዝ አብረን እንውረድ፤ ጨርቅ አሳጥቢኝ» አለችኝ።

«አባ ብቻቸውን?»

«ጎረቤት ትቀመጥላቸዋለች። ነይ በሞቴ።»

ወንዙ ዳር ደረስን። እንዶዱን ወቅጣ አረፋውን ካወጣች በኋላ ከዘንቢሉ ሥር የተጠቀለለ ጨርቅ አውጥታ ድንጋዩ ላይ ዘረጋችው፤ ከዚያ እጇን ሰብስባ ቆመች። ጨርቁ መሀል ላይ ቢጫና ጥቁር ሆኖ ደርቋል። ሽታውን ወዲያው አወቅሁት።

«የሺ፣ ይህ ምንድን ነው?»

ዐይኗን ከጨርቁ ላይ አላነሣችም።

«ከየት የመጣ ነው? ከእግራቸው ነው?»

ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። እንባዋ ወረደ።

«ለምን አትናገሪም?»

«አባ ገዝተውኛል፣ እትዬ። ለማንም እንዳልናገር በሥልጣናቸው ገዝተውኛል።» ጨርቁን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «አንደበቴን ነው የገዘቱት። ዐይንሽን አልገዘቱትም።»

የካህን ግዝት ለእኛ አገር ሰው ምን እንደሆነ ለሚያውቅ፣ ይህች ልጅ ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣች አይጠፋውም። አንዱን ብትመርጥ ነፍሷ ላይ፣ ሌላውን ብትመርጥ የሰው ነፍስ ላይ ነው። መሀሉን ፈልጋ አገኘች። ጨርቁን እዚያው ጥለን ሽቅብ ሮጥን።

አባቴ ዐይናቸውን ጨፍነዋል። ከመደቡ አጠገብ ተንበረከክሁ።

«አባ፣ ጀርባዎን ልይ።»

ዐይናቸውን ገልጠው የሺን ተመለከቱ።

«እሷ አልተናገረችም» አልኳቸው። «ጨርቁን አይቼ ነው።»

«ሴት ልጅ የአባቷን ገላ አታይም። ካም የአባቱን ዕርቃን አይቶ የደረሰበትን ታውቂያለሽ።»

«ሴምና ያፌትስ? እነሱ ሸማ ይዘው ገቡ እንጂ ትተውት አልሄዱም። እኔም ሸማ ይዣለሁ።»

የያዝኩትን ሸማ ተመለከቱ። በመጨረሻ «እንግዲያስ በእናትሽ ቦታ ሆነሽ እዪው» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

የሺ ትከሻቸውን፣ እኔ ወገባቸውን ይዘን፣ የታሰረውን እግር ጎረቤታችን ደግፋልን፣ ቀስ ብለን ወደ ጎን አዘነበልናቸው። ጋቢውን ገለጥኩ። ከወገባቸው በታች፣ አከርካሪው በሚያልቅበት፣ መዳፍ የሚያህል ቆዳ ጠቁሮ እንደ ደረቀ ቁርበት ሆኗል። ዳር ዳሩ ከሥጋው ተላቆ መግል ያወጣል። ተረከዛቸውም ጠቁሯል። የሺ ቁስሉ ላይ ቅቤ ቀብታበት ነበር። በመጀመሪያ ቀልቶ እንደነበር፣ ከዚያ ውኃ ቋጥሮ እንደፈነዳ፣ እሷም በየዕለቱ በቅቤ ስታሸው እንደነበር ኋላ ነገረችኝ።

አያ ደርሶን አስጠራሁ። ወደ ንፋስ መውጫ እንደምወስዳቸው ስነግራቸው ተቆጡ።

«አጥንቱ ገና ጮርቃ ነው። በቃሬዛ ካወዛወዛችሁት ይለያያል። የደከምኩበትን ልታፈርሺው ነው?»

ጋቢውን እንደገና ገለጥኩላቸው። ጎንበስ ብለው አዩ። ሲቀኑ ፊታቸው ተለውጧል።

«እኔ እግራቸውን ብቻ ነው የማየው» አሉ ዝግ ብለው። ወጡ። ጥቂት ቆይቶ የመጥረቢያ ድምፅ ሰማሁ፤ ለቃሬዛው እንጨት የሚቆርጡት ራሳቸው ነበሩ።

ሲነጋ በዓል ስለነበር ወንዶቹ እርሻ አልወጡም። ማልደው ተሰብስበው ተሸከሙልን። ጭቃው እግር ይውጣል። እኔ ከጎን ጃንጥላ ይዤ፣ የሺ ስንቅ ይዛ፣ አያ ደርሶ ከፊት «ቀስ! ወደ ቀኝ!» እያሉ። አባቴ ቃሬዛው ላይ በጀርባቸው ተኝተው ከንፈራቸውን ነክሰዋል። አንዴ እንኳ ወይ አላሉም።

እኩል መንገድ ላይ ያለው ወንዝ ሞልቶ አገኘነው። ድፍርስ ውኃ ግንድ እያገላበጠ ይወርዳል። እስኪጎድል ከመጠበቅ በቀር መላ አልነበረም። ቃሬዛውን ዛፍ ሥር አስቀመጥነው። ዝናቡ ይወርዳል፤ የአባቴ ትንፋሽ ይፈጥናል። አንዱ ተሸካሚ «ሳንደርስ እንዳያመልጡን» ብሎ ሲያንሾካሹክ ሰማሁ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ፊታቸውን ስጠርግ እጄን ያዙኝ።

«አስካለ።»

«አቤት፣ አባ።»

«በጎኔ አድርጉኝ። አቃጠለኝ።»

ከወደቁ ጀምሮ ሕመም አለብኝ ብለው ሲናገሩ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። አያ ደርሶ የተሰበረውን እግር በሁለት እጃቸው ደግፈው ያዙ፤ እኛም ወደ ጎን አዘንብለን ከጀርባቸው በኩል ለትራስ ያመጣነውን ጭድ የሞላ ከረጢት ደገፍን። በጉልበታቸው መሀል ጋቢ አጥፈን አስገባን። አባቴ ረጅም ትንፋሽ አወጡ። እንደ ክርታስ ተጨማዶ የነበረው ፊታቸው ተፈታ፣ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ያሳረፋቸው አንድ የጭድ ከረጢት ነው። ከቤታችን ጓሮ እንዲያ ያለ ጭድ ክምር ሙሉ ነበረ።

ውኃው ሲጎድል ወንዶቹ ቃሬዛውን ከራሳቸው በላይ አንሥተው አሻገሩን። ሳይመሽ ጤና ጣቢያው ደረስን።

ሲስተር ዘነበች የምትባል ነርስ ተቀበለችን። ቁስሉን ስታይ ፊቷ አልተለወጠም፤ እንደዚያ መሆኗ ደግ ነበር። የሞተውን ቆዳ ቆርጣ አነሣች። ከሥሩ የነበረው ጉድጓድ ካሰብነው በላይ ሰፊ ነበር፤ በአንድ በኩል ነጭ ነገር ይታያል። ፈልቶ በበረደ የጨው ውኃ አጠበችው፣ ጎዙን፣ ስሱን የቁስል ጨርቅ፣ አርሳ ሞላችው፣ የፔኒሲሊን መርፌ ወጋቻቸው። አባቴ ሁሉን ችለው ጨረሱ። ሲስተር ጓንቷን እያወለቀች ጠየቀቻቸው።

«አባቴ፣ ይህን ያህል ጊዜ እንዴት ቻሉት? ለምን አልተናገሩም?»

«ብናገር ይህቺ ትጽፋለች» አሉ ወደ እኔ እየጠቆሙ። «ወንድሟ ሲሰማ ጥሎ ይመጣል። የጎረቤታችን ልጅ እናቱ ታመመች ሲባል ከጦሩ ወጥቶ መጣ። ከዳተኛ ነህ ብለው መንገድ ላይ ያዙት። ሬሳው እንኳ አልመጣም። የኔ ጀርባ ቢበሰብስ ይሻላል።»

የሺ በሩ ሥር ቁጢጥ ብላ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። አባቴ ቀና ብለው አዩአትና «ነይ» አሏት። እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው «እግዚአብሔር ይፍታሽ። እኔም ፈትቼሻለሁ» አሏት።

ሲስተር ውጭ ይዛን ወጣች። ቁስሉ ከመተኛት የመጣ መሆኑን ያን ዕለት ነው የሰማነው። ሰው በአንድ በኩል ብቻ ሲተኛ ክብደቱ ሥጋውን ከአጥንቱ ጋር ያጣብቀዋል፣ ደም አይደርሰውም፣ ሰውየው በሕይወት እያለ ሥጋው ይሞታል አለችን። ሽማግሌ ቆዳው ስስ ነው፤ እርጥብ ሲነካው፣ ጨርቁ ሲጨማደድ፣ ምግብ ሲያንሰው ይብሳል። «መጀመሪያ የሚመጣው መቅላት ነው» አለች። «በጣታችሁ ተጫኑት። ለቅቃችሁት ካልነጣ፣ ሥጋው እየተጎዳ ነውና ሁለተኛ በዚያ በኩል አታስተኙት። አትሹት፣ ቅቤም አትቀቡት።» የሺ አንገቷን ደፋች። ሲስተር ይህን አይታ ትከሻዋን ያዘቻት። «ማን ነገረሽ? ማንም አልነገረሽም።»

ወደ መንደር መመለስ ስለማይቻል አባቴን ኪራይ ክፍሌ አስገባኋቸው። አልጋዬን ለቀቅሁላቸው። የሺና እኔ እየተፈራረቅን በየሁለት ሰዓቱ ከጎን ወደ ጎን እናዞራቸዋለን፤ ተረከዛቸው አንሶላ እንዳይነካ ከባታቸው ሥር ትራስ እናስገባለን፤ ቁስሉን ሲስተር እንዳሳየችን እናጥባለን። አዲስ ነገር ሆነብኝ፤ የአባቴን ገላ ማየት ሐፍረት መሆኑ ቀረ። አባቴም ለመዱት። ስናገላብጣቸው «ደግሞ ወደ ምሥራቅ ልታዞሩኝ ነው?» እያሉ ይቀልዱብን ጀመር።

ሲስተር ዕንቁላልና ወተት አዝዛ ነበር። ፍልሰታ ገባ። አባቴ አፋቸውን ገጠሙ።

«አባ፣ መድኃኒት ነው። ለበሽተኛ ተፈቅዷል» ብላቸው፣

«ለበሽተኛ የምፈቅደው እኔ ነኝ። ለራሴ አልፈቅድም» አሉ።

ስለምናውቃቸው አልተከራከርንም። ሲስተርም «እንግዲያስ ምስርና ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ተልባ፤ ሳትሰለቹ በትንሽ በትንሹ» አለችን። የሺ ባቄላውን ከክታ ቀቅላ፣ አድቅቃ እንደ ሕፃን በእጇ ታጎርሳቸዋለች።

ትኩሳቱ በረደ። ሽታው ጠፋ። አንድ ቀን ጎዙን ሳነሣ የጉድጓዱ ዳር ቀይ፣ እርጥብ፣ ሕይወት ያለው ሥጋ አብቅሎ አየሁ። ሲስተር «ይኸው እየሞላ ነው» ስትል የሺ እልል ልትል አፏን ይዛ አቆመች። አያ ደርሶም ከመንደር ወጥተው ቀርከሃውን ፈቱ። አጥንቱ ገጥሟል። አባቴ እግራቸውን አጥፈው ዘረጉት። ያን ሳምንት የሚድኑ መስሎኝ ነበር። ለመስከረም መቋሚያቸውን ከመንደር አስመጣለሁ ብዬ አስብ ነበር።

ነገር ግን አንዱ ጥግ፣ ያ ነጭ ነገር ይታይ የነበረበት፣ አልሞላም። መግሉ አጥንቱ ውስጥ ገብቶ ነበር። ትኩሳቱ ሲመለስ መርፌው አልመለሰውም። ደብረ ታቦር እንውሰዳቸው አልን፤ አባቴ «ከእንግዲህ አታንከራትቱኝ» አሉ። ፍልሰታ ሳይፈታ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ግራ ጎናቸው ያዞርኳቸው እኔ ነበርኩ። ትራሱን ከጀርባቸው ሳስገባ «እፎይ» አሉ። ለሚቀጥለው ተራ የሺ ስትመጣ አልነበሩም።

ቀብራቸው ላይ አያ ደርሶ ከሰው ተለይተው ቆመው ነበር። ስቀርባቸው «አጥንቱን ስጠብቅ ሥጋቸው አመለጠኝ» አሉኝ። ያዘዙት በቅን ልቦና ነው፤ እኛም የታዘዝነው በፍቅር ነው። አትንኩ ተባልን፣ አልነካንም።

ጌትነት የመጣው ያ መንግሥት ከወደቀ በኋላ፣ በእግሩ፣ ከስቶ ነው። የሺ ሁሉን ነገረችው፤ ግዝቱንም፣ ጨርቁንም፣ የተናገሩትንም። ሰምቶ ሲጨርስ ሸሚዙን ገልጦ ሆዱ ላይ ያለውን ትልቅ ጠባሳ አሳየን።

«ያን ክረምት አስመራ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር» አለን። «መነሣት አልችልም ነበር። አስታማሚዎቹ በየጊዜው እየመጡ ያገላብጡናል። ሕመሙ አላስተኛኝ ሲል እሰድባቸው ነበር። ጀርባችሁ እንዳይቆስል ነው ይሉኛል። እኔም አባ እንዳይደነግጡ ብዬ መቁሰሌን ሳላሳውቃችሁ ቀረሁ።»

ሸሚዙን መልሶ ቆለፈ።

አንባቢዎቼ፣ ይህን የጻፍኩት እንድታለቅሱልኝ አይደለም። እኔ ማስተማሬን ቀጠልኩ፤ ጡረታ እስክወጣም ከጠመኔ አልተለየሁም። ግን ከዚያ ክረምት በኋላ ተኝቶ የቀረ ሽማግሌ ወይም አሮጊት አለ ሲባል፣ የሺና እኔ ልንጠይቅ ስንገባ «እንዴት ዋሉ» ብለን ብቻ አንወጣም። ቤተሰቡን አስፈቅደን፣ ሸማ ይዘን፣ ጀርባቸውን እናያለን። አንዳንዱ ቤት ተቆጥተው አስወጥተውናል። ሐፍረት ነው፤ አልፈርድባቸውም። የሚታመመው ሰው ራሱ «ደኅና ነኝ» ይላችኋል። የሚወዳችሁ ከሆነ ደግሞ አጥብቆ ይላችኋል። አትመኑት። አይታችሁ እመኑ።

አንዲት እናት ነበሩ፣ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው የተኙ። ጋቢውን ስንገልጥ ወገባቸው ሥር የእንቁላል ያህል ቀልቷል። የሺ በጣቷ ተጭና ለቀቀችው፤ አልነጣም። ልጆቻቸውን ሰብስበን ማዞሩን አሳየናቸው፣ ትራስ ሰፋንላቸው። በሳምንቱ ስንመለስ ቅላቱ ጠፍቷል። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ኖሩ፤ በዱላ እየተደገፉም ቤተ ክርስቲያን ይሳለሙ ነበር። ያን ዕለት ከቤታቸው ስንወጣ የሺ መንገድ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። የአባቴም ጀርባ መቅላት ብቻ የነበረበት ቀን ነበረ። ያን ቀን ቤቱ በሰው ሞልቶ ነበር፤ ሁላችንም ስለ እግራቸው እንጠይቃቸው ነበር።